ቁጥሩን በዜማ ትወርደዋለች፣ 7 ሲኒ አምጪ ስላት ግን ይጠፋታል

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። የ5 ዓመት ተኩል ሴት ልጅና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች። ከ1 እስከ 30 ሳትደናቀፍ ትቆጥራለች፣ ፊደሉንም በዜማ ትወርደዋለች። ነገር ግን «7 ሲኒ አምጪልኝ» ስላት አንዴ 6፣ አንዴ 9 ይዛ ትመጣለች። «ቦ»ን ለብቻው ሳሳያት ደግሞ ከ«በ» ጀምራ ካልወረደች አታውቀውም። ባለቤቴ ነጋዴ ስለሆነ የሚገባው ማታ ነው። እናቴ አብራን ትኖራለች፣ ልጆቹን የምታናግራቸው በኦሮምኛ ነው። ጎረቤቴ «ገበጣ አጫውቻቸው» አለችኝ፤ እህቴ ደግሞ ስልክ ላይ የሚጫን ጨዋታ ይሻላል ትላለች። እውነት በጨዋታ ሒሳብና ንባብ ይማራሉ? ከየትስ ልጀምር?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከጅማ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ጎረቤትዎ መልካም ምክር ሰጥተውዎታል። ልጅዎም የሚያሳስብ ነገር የለባትም። እስከ 30 ስትቆጥር የምትጠራው የስሞቹን ቅደም ተከተል ነው፤ እሱን በደንብ ይዛዋለች። የቀሯት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ለአንድ ዕቃ አንድ ስም ብቻ መስጠት ነው። ምላሷ ከጣቷ ሲቀድም አንዱን ሲኒ ሁለቴ ትቆጥረዋለች ወይም ትዘለዋለች፤ 6ና 9 የሚመጡት ከዚህ ነው። ሁለተኛው፣ በመጨረሻ የጠራችው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑን መረዳት ነው። ቆጥራ እንዳበቃች «ታዲያ ስንት ናቸው?» ብለው ይጠይቋት። መልሳ ከ1 መቁጠር ከጀመረች ይህኛው ገና አልገባትም ማለት ነው። ፊደሉም ላይ ያለው ችግር ይኸው ነው፤ «በ ቡ ቢ ባ» በመዝሙር ስለገባ «ቦ» ጋ ለመድረስ መዝሙሩን ከራሱ መጀመር ግድ ይሆንባታል።

ጨዋታ የሚረዳው ቁጥሩንና ፊደሉን ከዜማው ስለሚነጥል ነው። ገበጣ ላይ ካልቆጠረች ፍሬዋ አይዘራም፣ በፊደል ካርድ ጨዋታም ካላነበበች ካርዱን አትወስድም። ይህ የሚሠራው ግን የሚቆጥረው አፍም የሚያንቀሳቅሰው እጅም የልጅቷ ከሆነ ብቻ ነው። ዘገየች ብለው እርስዎ የቆጠሩላት ዙር ለእሷ ምንም አይጨምርላትም። ስትሳሳት ወዲያው አያርሟት፤ «እስቲ እየነካሽ እንደገና ቁጠሪልኝ» ይበሉና ይጠብቁ። አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ታገኘዋለች።

ዕቃው ቤትዎ ስላለ ከሲኒው ይጀምሩ። ከሰሉ ሳይቀጣጠል፣ ጀበናውም ሳይጣድ ሲኒዎቹን ወለሉ ላይ ያድርጉላትና «ዛሬ ቡና የሚጠጣው ማን ማን ነው?» ይበሏት። «ለአያቴ፣ ለእማዬ፣ ለጎረቤታችን…» እያለች ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሲኒ ረከቦቱ ላይ ታስቀምጥ። ሲኒውን በጣት መጠቆም አይበቃም፤ እያነሳች ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ታሸጋግረው። ያልተቆጠረው አንድ ወገን፣ የተቆጠረው ሌላ ወገን ሲሆን መድገምና መዝለል በአብዛኛው በራሱ ይቀራል። በ4 ይጀምሩ፤ ሦስት ቀን በተከታታይ ካልተሳሳተች 1 ይጨምሩ። 7 ላይ ስትደርስ 2ቱን በጨርቅ ይሸፍኑና «5 ይታዩኛል፣ ስንት ተደበቁ?» ብለው ይጠይቋት። ለወንድሟ ከ1 እስከ 3 ይበቃዋል፤ እሱ 3 ሲኒ አይቶ ሳይቆጥር «ሦስት» ካለ ጥሩ ላይ ነው።

አሁን ወደ ገበጣው። ትልልቆቹ የሚጫወቱበትን ባለ 12 ጉድጓድ ወዲያው አይስጧት። በየጉድጓዱ 4 ፍሬ ሲገባ 48 ፍሬ ይሆናል፤ በዚያ ላይ የመጨረሻዋ ፍሬ ባዶ ያልሆነ ጉድጓድ ውስጥ ስታርፍ ያንን አንስቶ መቀጠል ስላለ በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ የት እንዳለች ይጠፋታል። ለመጀመሪያው 30 እንቁላል የሚይዘው የወረቀት መያዣ ይበቃል። በአንድ በኩል 5፣ በሌላው 6 ጉድጓድ አለው። በ5ቱ በኩል ሁለት ሁለት ረድፍ እያደረጉ ሲቆርጡት 10፣ 10 ጉድጓድ ያላቸው 3 ቁራጮች ይወጣሉ። ከአንዱ ቁራጭ ዳር ያሉትን 2 ጉድጓዶች ሲያነሱ ባለ 8 ጉድጓድ ገበጣ ይቀርልዎታል፤ በየተጫዋቹ ፊት 4፣ 4። የቀሩት ሁለቱ ባለ 10 ቁራጮች የተጫዋቾቹ ጎተራ ናቸው፤ አይጣሉ፣ ሒሳቡ የሚሠራው እዚያ ነው። እንቁላል የፈሰሰበት ወይም የዶሮ ኩስ የነካው መያዣ አይጠቀሙ፤ ንጹሕ የሚመስለውንም ግማሽ ቀን ፀሐይ ያስመቱት፣ ልጆቹም ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ።

ለፍሬ ባቄላ ወይም ጀንፈል ቡና ጥሩ ነው። ጥሬ ቡና ለትንሽ ጣት ይሾልካል፣ የተቆላው ደግሞ ይሰበራል፣ ያቆሽሻልም። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ ወይም እንግዳ ይዞ ከመጣ ግን ጨዋታው ይቆይ። ፍሬ ጉሮሮ ይዘጋል፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥም ይገባል። ሲጨርሱ ሁልጊዜ ፍሬው ተቆጥሮ ይግባ፤ ይህም ራሱ ልምምድ ነው።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። በ8ቱም ጉድጓዶች 2፣ 2 ፍሬ ይደረጋል፤ በድምሩ 16። ተራዋ የደረሰ ልጅ በፊቷ ካሉት 4 ጉድጓዶች አንዱን መርጣ ያለውን ሁሉ ታነሳለች፤ ከዚያም ወደ ቀኝ እየሄደች በየጉድጓዱ አንድ አንድ ትዘራለች፤ የራሷ ወገን ሲያልቅ ዞራ በባላጋራዋ ወገን ትቀጥላለች። የመጨረሻዋ ፍሬ ያረፈችበት ጉድጓድ በትክክል 4 ፍሬ ከያዘ 4ቱንም ወስዳ ጎተራዋ ውስጥ በአንድ ጉድጓድ አንድ ፍሬ እያደረገች ትደረድራለች። 4 ካልሆነ ተራው ያልፋል። በገበጣው ላይ 4 ወይም ከዚያ ያነሰ ፍሬ ሲቀር፣ አንዱ የሚዘራው ሲያጣ ወይም 15 ደቂቃ ሲሞላ ጨዋታው ያበቃና እያንዳንዱ በፊቱ ያለውን ወደ ጎተራው ይጨምራል።

ቁጥሩን 4 ያደረግነው በምክንያት ነው። እስከ 4 ያለ ብዛት በዓይን ብቻ ሊለይ ይችላል፤ ልጅቷ «3 ያለበት የቱ ነው? አንድ ሲጨመርበት 4 ይሆናል» ብላ መፈለግ የምትጀምረው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ 3 እና 1 ሲደመሩ 4 መሆናቸውን ማንም ሳይነግራት ለማሸነፍ ስትል ትጠቀምበታለች።

ጎተራው ላይ ጊዜ ይስጡ። ጨዋታው እንዳለቀ ወዲያው ፍሬውን አያፍሱት። በጎተራዋ 8 ካለ «ስንት ጉድጓድ ባዶ ቀረ?» ይበሏት፤ 2 ትላለች፤ 8 አሥር ለመሙላት 2 እንደሚቀረው በዓይኗ አየችው ማለት ነው። 12 ካገኘች 10ሩ ሞልቶ 2 ከጎን ይቀመጣል፤ አሥራ ሁለት። በአማርኛ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ ያለው አጠራር አሥሩንና ትርፉን ለይቶ ስለሚናገር፣ በእጅ የተያዘው ፍሬና በአፍ የሚጠራው ቁጥር እዚህ ላይ ይገጥማሉ። ከዚያ የባላጋራዋን ጎተራ በጨርቅ ሸፍነው «አንቺ 10 አለሽ፣ ሁሉም 16 ነበር፤ አያትሽ ጋ ስንት መኖር አለበት?» ይበሉ። መጀመሪያ በጣቷ ትቁጠር፣ ችግር የለውም። ገልጣ ስታየው 5 ብቻ ከሆነ አንዷ ፍሬ ምንጣፍ ሥር ገብታለች ማለት ነው፤ ትፈልጋት።

የሚበላሸውን ቀድመው ይወቁት። ልጆች ሁለት ፍሬ በአንዴ ይጥላሉ፤ ፍሬው በግራ መዳፍ ይያዝ፣ በቀኝ እጅ አንድ አንድ ይወሰድ። መዝራቱን ካነሱበት ጉድጓድ ይጀምራሉ፤ እዚያ ላይ ቆርኪ ያስቀምጡ። አቅጣጫ ይጠፋቸዋል፤ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ቀስት ይሳሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ትልቋ ለትንሹ መልስ መስጠቷ ነው። ወንድሟ ገና አፉን ሳይከፍት «አራት!» ትላለች፣ እሱም በሁለተኛው ቀን መቁጠር ይተዋል። «በሰው ተራ የመለሰ አንድ ፍሬ ይመልሳል» የሚል ሕግ ያውጡ፤ ሕጉም ለአባትየው ጭምር ይሁን።

ከገበጣው ጎን ለጎን አንድ የቁጥር መንገድ ያዘጋጁ፤ ለወንድ ልጅዎ ከገበጣው ይልቅ የምንመርጠው ይህንን ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ካርቶን ወስደው በየ6 ሳንቲ ሜትሩ 10 እኩል ቤቶች ያስምሩ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 10 ይጻፉ። ለየተጫዋቹ አንድ ቆርኪ። ዳይስ አያስፈልግም፤ የ1 ብር ሳንቲም ይወርወር፤ አንበሳው ከወጣ 1፣ ሌላው ገጽ ከወጣ 2 ቤት ይኬዳል።

ይህ ቀላል ጨዋታ በጥናት የተፈተነ ነው። ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሥራ፣ አሜሪካ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ መዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ከ1 እስከ 10 በተጻፈበት ቀጥ ያለ መንገድ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አጫወቷቸው። ልጆቹ ቁጥር ማወቅ፣ መቁጠርና የትኛው ቁጥር እንደሚበልጥ መለየት ላይ ተሻሻሉ፤ ለውጡም ከ9 ሳምንት በኋላ ሲፈተሽ አልጠፋም። ያንኑ ጨዋታ ቁጥር ሳይኖር በቀለም ብቻ የተጫወቱት ግን ያን ያህል አላተረፉም። በኋላ በተደረገ ጥናት ደግሞ ክብ ሆኖ የተሠራው መንገድ እንደ ቀጥታው አልረዳም። ስለዚህ ለማሳመር ብለው አያጠማዝዙት፤ ትልቅ ቁጥር ሩቅ መሆኑ በዓይን መታየት አለበት።

እዚህ ጨዋታ ላይ ነገሩ ሁሉ ያለው በአጠራሩ ነው። ልጁ 4 ላይ ቆሞ 2 ቢወጣለት «5፣ 6» እያለ ይሂድ። «1፣ 2» ብሎ ከተራመደ ያረፈበትን ቤት ቁጥር ሳያየው ያልፋል፣ ጥቅሙም በጣም ይቀንሳል። ብዙ ልጆች የሚጀምሩት «1፣ 2» ብለው ነው። ከመነሳቱ በፊት «አሁን የት ነህ?» ይበሉት፣ «4» ይበል፤ ቀጥሎ «ከ4 በኋላ?» ይበሉት። የቆመበትን ቤት እንደገና ከቆጠረ ቆርኪውን መጀመሪያ አንስቶ ከዚያ ይቁጠር። እስከ 10 ያለው ሲቀለው ከ11 እስከ 20 ያለውን ሌላ ካርቶን በስተቀኝ ያስቀጥሉለት።

ፊደሉን በተመለከተ፣ 33ቱ ፊደላት በ7 በ7 ሲዘረዘሩ 231 ናቸው፤ እነዚህን ሁሉ በቤት ጨዋታ ለመጨረስ አይሞክሩ። የሚፈለገው ከዜማው የወጡ ጥቂት ፊደላት ወዲያው ቃል ሲሆኑ ማየቷ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ብቻ፦ ቡ፣ ና፣ ዳ፣ ቦ። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ በካርድ ላይ ይጻፉ፤ 8 ካርድ። ፊደሉ ትልቅ ይሁን፣ ከታች ቀይ መስመር ይሰመርበት፤ አለዚያ ልጆቹ ገልብጠው ይይዙታል። የሳሙና ካርቶን ከሆነ የታተመበት ገጽ ከካርድ ካርድ ስለሚለያይ ፊደሉን ሳይሆን ጀርባውን ይሸመድዳሉ፤ ነጭ ወረቀት ይለጥፉበት።

8ቱን ካርዶች ደፍተው ይደርድሯቸው። ተጫዋቹ ሁለት ገልብጦ ሁለቱንም ድምፃቸውን አውጥቶ ያነባል፤ አንድ ዓይነት ከሆኑ ይወስዳል፣ ካልሆኑ መልሶ ይደፋል። ያላነበበ አይወስድም። ልጅዎ «ቦ» ላይ ደርሳ ከንፈሯ «በ ቡ ቢ…» ማለት ከጀመረ አይከልክሏት፤ ድምፁን ይንገሯትና ጨዋታው ይቀጥል። በአንድ ማታ ያንኑ ካርድ ደጋግማ ስለምትገልጠው መውረዱ በራሱ ያጥራል። መጨረሻ ላይ «ቡ»ና «ና»፣ «ዳ»ና «ቦ» ይገጣጠማሉ፤ ቡና፣ ዳቦ።

በሁለተኛው ሳምንት ዱ፣ ባ፣ ዶ እና ሮ ይጨመራሉ፤ ዱባ፣ ዶሮ። «ባ» ከ«ቦ» ጋር የሚገናኘው ያኔ ነው፤ ሆን ብለን ያዘገየነውም ለዚህ ነው። «ባ» ቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ «ቦ» ግራ እግሩ፤ ሌላ ልዩነት የላቸውም። ልጅ እስከዚያ ዕድሜው ያያቸው ዕቃዎች ቢዞሩም ስማቸው አይለወጥም፤ የጀበና እጀታ ወደ ግራም ዞረ ወደ ቀኝ ያው ጀበና ነው። ስለዚህ የግራና የቀኝ ልዩነት ስም እንደሚለውጥ ዓይኗ ገና እየተማረ ነው፤ እስከ 7 ዓመት አካባቢ ማምታታት የተለመደ ስለሆነ አይቆጧት። ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አድርገው ረጅሙን እግር በጣቷ ከላይ ወደ ታች እየተከተለች ድምፁን ትበል። «ዳ»ና «ዶ»ም በዚሁ መንገድ ስለሚለያዩ አንዱን ጥንድ ስትይዝ ሌላው ይቀልላታል። የሚመሳሰሉትን «ሰ»ንና «ለ»ን ግን ለጊዜው ወደዚህ አያምጧቸው፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን «ሀ ሐ ኀ»ንም ለትምህርት ቤቱ ይተዉ።

ሳድስ፣ ማለትም በየረድፉ ስድስተኛው ፊደል፣ በሦስተኛው ሳምንት ይምጣ፦ ር እና ብ፣ ከነሱም ጋር ማ፣ በ፣ ኑ። ማር፣ በር፣ ብር፣ ዱር፣ ዳር ይወጣል፤ ኑሮም። ሳድስ ብዙ ጊዜ አናባቢ የለውም፤ ልጆች ግን ለብቻው እንደሚጠሩት «ማ… ርእ» ብለው ያነቡና ቃሉ አይሰማቸውም። የመጀመሪያውን ፊደል ድምፅ ታርዝም፣ ሳትተነፍስም ሁለተኛው ላይ ትረፍ፦ «ማአአአር»። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ማርዘሙን ታሳጥራለች።

ፊደሉና ቁጥሩ አንድ ላይ የሚገናኙት ዕቃቃ ላይ ነው። አያትየው ነጋዴ ይሁኑ፤ ፊታቸው ላይ ትንሽ ቡና፣ ቁራሽ ዳቦ፣ ዱባ፣ በብርጭቆ ማር ይቀመጥ፣ ለእያንዳንዱም ከ1 እስከ 5 የሚደርስ ዋጋ በወረቀት ይጻፍ። ገዢዋ በ10 ባቄላ ትጀምራለች። ለመግዛት የዕቃውን ስም በካርድ ገጣጥማ ማስነበብ፣ ከዚያ ዋጋውን ቆጥራ መክፈል አለባት። ሻጭ ደግሞ «የቀረሽ ስንት ነው?» ሳይል ዕቃ አያስረክብ። ሄርማታ ገበያ ሲወርዱ ይዘዋት ከሄዱ ቤት የተጫወተችውን እዚያ ታገኘዋለች፤ «3 ሎሚ ምረጪ» ማለት ብቻ ይበቃል።

እናትዎ በኦሮምኛ ማውራታቸው ለዚህ ሁሉ ሀብት ነው፤ እንዲተዉት አይጠይቋቸው። በ«ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን» 5 መሆኑን ያወቀ ልጅ በአማርኛ የሚቀረው ስሙን መያዝ ብቻ ነው፤ ብዛቱን እንደገና አይማረውም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያድርጉ፤ አንድ ቆጠራ በተጀመረበት ቋንቋ ይለቅ። መሐል ላይ ሲቀላቀል ቦታው ይጠፋቸዋል። ትምህርት ቤቷ ቁቤም (ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል) የእንግሊዝኛ ፊደልም የሚያስተምር ከሆነ ካርዶቹ በቀለም ይለዩ፣ በአንድ ማታም አንድ የጽሕፈት ዓይነት ብቻ ይወጣ። ኤክስ የሚባለው ፊደል በቁቤ «ጥ» ነው፤ በእንግሊዝኛው ድምፁ ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ምንጣፍ ላይ ማውጣት የ5 ዓመት ልጅን ያለ ጥቅም ያደክማል።

ስለ ስልኩ የእኅትዎን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አንቃወምም። ችግሩ፣ ብዙዎቹ ጨዋታዎች ትክክለኛው እስኪገኝ ድረስ ዝም ብሎ መነካካትን ይፈቅዳሉ፤ ልጅቷ ሳትቆጥር ታልፋለች፣ እርስዎም አያውቁትም። ከሰጧት አጠገቧ ተቀምጠው ከመንካቷ በፊት መልሱን በአፏ ትንገርዎ። ለወንድሟ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት ያልበለጠ የስክሪን ጊዜ ይመክራል፤ ከዚያም ቢቀንስ ይሻላል ይላል።

በሳምንት አራት ቀን፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይበቃል። አቦል ተጠጥቶ ቶና እስኪደርስ ያለው ጊዜ ይሆናል፣ ምንጣፉ ግን ከምድጃው ራቅ ብሎ ይነጠፍ። ገና ሲጥማቸው ያቁሙ፤ እስኪሰለቹ የተጫወቱበት ማታ ነገ እንቢታ ያመጣል። ተሸንፎ ያለቀሰ ልጅ ካለ በሚቀጥለው ቀን እሱ ይጀምር። አውቀው እየተሸነፉ አያስለምዱት፤ ልጆች ይነቁበታል።

ከአንድ ወር በኋላ ሳያስጠነቅቁ ሦስት ነገር ይሞክሩ። 7 ሲኒ ያስመጧት። 16 ባቄላ ሁለት ቦታ ከፍለው አንዱን ሸፍነው ይጠይቋት። «ቦ»ን፣ «ባ»ን እና «ና»ን አቀላቅለው ያሳዩዋት። ሁለቱን ከመለሰች መንገዱ ትክክል ነው፤ የቀረውን ብቻ ይግፉበት። አንዱም ካልሆነላት፣ ወይም ካርዱን ዓይኗ ሥር አስጠግታ የምታይ፣ ሲጠሯትም ደጋግማ «ምን?» የምትል ከሆነ ዓይኗንና ጆሮዋን ያስመርምሩ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለው።

ሦስቱንም ከመለሰች ባለ 12 ጉድጓዱ ገበጣ ይምጣላት። ጅማ ላይ በርጩማ ከሚጠርቡት ባለሙያዎች አንዱን ማስፈልፈል ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የጉድጓዱ ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ትንሽ እጅ ያለ ችግር ያነሳበታል። የገበጣ ሕግ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ግን ከመጀመርዎ በፊት እናትዎና ባለቤትዎ በየትኛው እንደሚያጫውቷት ይስማሙ።